«ማህተሙ ደብዝዟል»፦ እናቴን በጤና መድን ያሳከምኩበት ጊዜ

«ማህተሙ ደብዝዟል፤ አይነበብም። አስመትተው ይምጡ።»

መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ይህን ስትለኝ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ከኋላዬ ሰልፉ በሩ ጋ ደርሷል። እማዬ አግዳሚው ላይ ነጠላዋን ደረቷ ላይ አጣፍታ ተቀምጣለች። ልጅቷ ላይ ልጮህ አፌን ከከፈትኩ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ዘጋሁት። ይህንኑ ቃል፣ በዚሁ ድምፅ፣ እኔም ራሴ ለስንቱ ሰው ብዬዋለሁ።

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ክፍለ ከተማ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ መዝገብ ቤት፣ ከዚያ ወዲህ በጀት ላይ። በእኛ መሥሪያ ቤት ቋንቋ «ድጋፍ» የሚባለው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው በጀት ሰነድ ላይ የሚሰፍረው፦ ለጤና ዘርፍ፣ ይህን ያህል ብር፣ በዚህ ኮድ። ሁለተኛው የድጋፍ ደብዳቤ ነው፦ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ የሚጀምር፣ ቁጥርና ቀን ያለው፣ ክብ ማህተምና ቲተር ያረፈበት ወረቀት። እማዬን የጡት ካንሰር እስኪይዛት ድረስ ትልቁ የመጀመሪያው ይመስለኝ ነበር። መንግሥት ለሕክምናው የመደበው ገንዘብ ታማሚው ዘንድ የሚደርሰው ግን በዚያች ወረቀት ላይ ተሳፍሮ ነው። ወረቀቷ መንገድ ላይ ከቀረች ገንዘቡም እዚያው ይቀራል።

ይህን የምጽፈው እናቱን፣ ሚስቱን ወይም ራሱን ይዞ ይህን መንገድ ለሚጀምር ሰው ነው። የጤና ባለሙያ አይደለሁም፤ ስለ መድኃኒቱ የምለው ሁሉ ሐኪሞቹ ያስረዱኝን ነው። የገባንባቸውን ተቋማት ስም አልጠራም። እማዬ ገና ክትትል ላይ ናት፣ ከሰው ጋር መቀያየምም አልፈልግም።

እማዬ ስድሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ገበያ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ቅመማ ቅመም ትሸጣለች። አባዬ ካረፈ በኋላ እኔንና ሁለት ወንድሞቼን ያሳደገችን በዚያችው ቦታ ነው። እብጠቱን ገላዋን ስትታጠብ አግኝታዋለች፤ ሽንብራ ታህል ነበር አለች። አላመማትም። ያላመመ ነገር በሽታ አይደለም ብላ ተወችው፤ ቆየት ብሎ ቅባት፣ ከዚያ ጸበል። ጸበሉን አልነቅፍም፣ ዛሬም ትጠመቃለች። ለማንም አለመናገሯ ግን ስምንት ወር በላብን። እኔ ያወቅሁት መስከረም 2016 ላይ ልብሷን ሳጥብ ነው፤ የውስጥ ልብሷ ላይ የደም ጠብታ አየሁ። ስጠይቃት «በርበሬ ይሆናል» አለችኝ። በርበሬና ደም የማልለይ መስሏት!

የጡት ካንሰር እብጠት መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ እንደማያም ሐኪሙ የነገረን በኋላ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንዲት ነገር ብቻ ለእናታችሁ የምትነግሩ ከሆነ ይህችን ንገሩልኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ጤና ጣቢያ ሄዶ ተራ መጠበቅ ጊዜ ማባከን መሰለኝና በቀጥታ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። ፈጣን ነበሩ፣ መልካምም ነበሩ። በመርፌ ቀዱ፣ በሳምንቱ ደግሞ ትንሽ ሥጋ ቆርጠው አወጡና ናሙናውን በጠርሙስ አድርገው «አዲስ አበባ ላኪው» ብለው ሰጡኝ። ጠርሙሱ የሽሮፕ ጠርሙስ ነው፣ አንገቱ ጠባብ። ሥጋው ሞልቶት ፈሳሹ ዳር ዳሩን ብቻ ይታያል። ምንም አላልኩም፤ ምን አውቄ! ዓርብ ከሰዓት ለአክስቴ ልጅ ሰጠሁት፣ መናኸሪያ ሸኘሁት። ቅዳሜና እሁድ ላቦራቶሪው ዝግ ነው። ሰኞ ልጁ ጉዳይ ነበረው። ማክሰኞ ደረሰ።

ውጤቱ ሦስት ሳምንት ቆይቶ መጣ። ካንሰር ነው ይላል። ከሥር ግን አንዲት መስመር አለች፦ ናሙናው በአግባቡ ስላልተጠበቀ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ሊሠራለት አልቻለም። በዚያን ሰዓት «ካንሰር» ከሚለው ቃል በታች ያለው ሁሉ ለእኔ ጭጋግ ነበር። በኋላ ግን ያቺ መስመር ከሁሉ በላይ ዋጋ አስከፈለችን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንዱ የጡት ካንሰር ኢስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን እየተቀበለ ያድጋል፤ አንዳንዱ ከሆርሞኑ ጋር ጉዳይ የለውም። ከሆርሞኑ ጋር ጉዳይ ያለው ከሆነ ታሞክሲፈን የሚባል በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ፣ ከሌሎቹ የካንሰር መድኃኒቶች ጋር ሲነጻጸር በጣም ርካሽ የሆነ ክኒን አለ። የሌለው ከሆነ ክኒኑ አይጠቅምም። ይህን የሚለየው ያ ምርመራ ብቻ ነው፤ ምርመራው ደግሞ የሚሠራው ሥጋው በደህና ከቆየ ነው። ስለዚህ ናሙና በእጃችሁ እንድትወስዱ ከተሰጣችሁ እኔ ያልጠየቅሁትን ጠይቁ። ፈሳሹ ሥጋውን ሳይበላሽ የሚያቆየው 10 በመቶ ፎርማሊን ነው ወይ? በሳላይን (በጨው ውሃ) ወይም በአልኮል የቆየ ናሙና ለዚህ ምርመራ ያስቸግራል። ዕቃው አፈ ሰፊ ይሁን፤ ፈሳሹ የሥጋውን አሥር እጥፍ ያህል ይሁን። የታማሚዋ ስም፣ ሥጋው የወጣበት ቀንና ሰዓት ዕቃው ላይ ይጻፍ፣ ክዳኑ ላይ ሳይሆን፤ ክዳን ይለዋወጣል። ፎርማሊን ውስጥ መቆየት ያለበት ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው፤ ዓርብ የሚወጣ ናሙና ካለ እንግዲህ አስቡበት። ውጤቱን ስትቀበሉ ደግሞ ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። ሥጋው በሰም ተደርጎ የሚቀመጥበት ብሎክ አለ፤ የት እንደሚቀመጥና ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ጻፉ። ሌላ ምርመራ ሲያስፈልግ እናታችሁ ድጋሚ ቢላ ሥር ከምትገባ ብሎኩ ይወጣል።

የእኛ ድጋሚ ተቆረጠ።

ሁለተኛው መዘዝ መድኑ ነው። እማዬ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ናት፤ ካርዷን በየዓመቱ ታሳድሳለች፣ እንደ ዕቁብ ነው የምትቆጥረው። ያንን ካርድ ይዤ የመንግሥት ሆስፒታል ስሄድ «ከጤና ጣቢያ የተጻፈ ሪፈር የታለ?» አሉኝ። የለም። የግል ክሊኒክ ውጤት ለመድኑ ወረቀት አይደለም። ከታች ጀምሮ ያልመጣ ሰው ከኪሱ ይከፍላል። እኔ የበጀት ባለሙያዋ፣ ደንቡን ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብኝ ሰው፣ ወር ተኩል ከከሰርኩ በኋላ እማዬን ይዤ ከቤታችን አሥር ደቂቃ የሚርቀው ጤና ጣቢያ ገባሁ።

እዚያ ያገኘናትን ሲስተር አልረሳትም። እማዬን ከመጋረጃው ጀርባ ወስዳ ሁለቱንም ጡቶቿን፣ ብብቷንም ጭምር ዳሰሰቻት። «እማማ፣ ይሄ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ማንም ቢሆን ይደብቃል» አለቻት። እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው ያኔ ነው። ሲስተር ሪፈሩን ጽፋ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ የተማርሽ ነሽ አይደል? ሦስት ኮፒ አድርጊ። አንዱን ይወስዱብሻል፣ አንዱ ይጠፋብሻል፣ አንዱ ይቀርሻል።» እንዳለችው ሆነ።

መድኑ እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ልበል፣ ሥራዬ ስለሆነ አልፌው መሄድ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ላይ ነው ለሙከራ የተጀመረው፤ ከክልሎቹ አንዱ የያኔው ደቡብ ነበር፣ መቀመጫውም ይቺው ከተማችን። አባሉ በዓመት ያዋጣል፤ መክፈል ለማይችሉ ድሆች ደግሞ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸዋል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያውቀውም። አቅም የሌለው ጎረቤት ካላችሁ «ገንዘብ የለኝም» ብሎ ቤቱ እንዳይቀመጥ ንገሩት፤ ቀበሌ ላይ የድሃ ድሃ ተብለው የሚመዘገቡበት ዝርዝር አለ፣ ስሙ ይግባ። አስቂኙ ነገር በዚህ መድን ውስጥ እናቴ አለች፣ እኔ የለሁም። የመንግሥት ሠራተኛው የሚገባበት የማህበራዊ ጤና መድን አዋጁ በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ ሥራ ላይ መዋሉ ሲንከባለል ቆየ። እማዬ ይህን ስነግራት «እንግዲህ አንቺ አትታመሚ» አለችኝ።

ካርዱን በተመለከተ ሦስት ነገሮች ብዙ ሰው ሲያሰናክሉ አይቻለሁ። ካርዱ ያልታደሰ ከሆነ በሕክምናው መሃል ይቋረጣል፤ ኬሞ፣ ማለትም በየዙሩ የሚሰጠው የካንሰር መድኃኒት፣ ደግሞ ወራት ስለሚፈጅ የእድሳቱ ወቅት መሃሉ ላይ መውደቁ አይቀርም። ሪፈሩ ራሱ የሚያገለግልበት ጊዜ አለው፤ ሲያልፍ ወደ ጤና ጣቢያ ተመልሶ ማጻፍ ነው። ሦስተኛው ለከተማችን የተለየ ነው። ሐዋሳ ለሕክምና ከሻሸመኔ ይመጣል፣ ከአርሲ፣ ከባሌ፣ ከጌዴኦ፣ ከወላይታ። የመድን ውል ግን በየአካባቢው መድንና በሆስፒታሉ መካከል የሚደረግ ነው። ከእኛ ጋር ኬሞ የጀመረች አንዲት እናት ወረዳዋ ከሆስፒታሉ ጋር ውል ስላልነበረው የመጀመሪያውን ዙር በጥሬ ገንዘብ ከፈለች፤ ልጇ ላም ሸጦ። ከመሳፈራችሁ በፊት ወረዳችሁ ያለውን የመድን ጽሕፈት ቤት «ከየትኛው ሆስፒታል ጋር ውል አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የአንድ ስልክ ሥራ ነው።

የደበዘዘው ማህተም የመጣው እዚህ ጋ ነው። የቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ቀለሙ ደርቆ ግማሹ ክብ ብቻ ወጥቷል። ያን ቀን ባጃጅ ይዤ ቀበሌ ስደርስ ማህተም ያዡ ስብሰባ ገብቷል፤ በማግስቱ ቅዳሜ ጥምቀት፣ እሁድ ቃና ዘገሊላ። እማዬ ኬሞ ልትጀምር የነበረው በዚያው ሳምንት ነው። መሥሪያ ቤቴ ስመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት የእኛን መዝገብ ቤት የቀለም ሳጥን ከፍቼ ማየት ነው። ደረቅ ነበር። ለሁለት መቶ ብር ለማይሞላ ቀለም የግዥ መጠየቂያ ጽፌ ከመጠበቅ ከኪሴ ገዛሁት፤ የፋይናንስ ሰው ሆኜ ደንብ የጣስኩት ያኔ ብቻ ነው፣ ይጻፍብኝ።

ኬሞው ጥር 2016 አጋማሽ ላይ ተጀመረ፤ በየ21 ቀኑ፣ ስምንት ዙር። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ቀዩ መድኃኒት ያለባቸው ናቸው። በሲሪንጅ ሲገባ የቪምቶ ቀለም አለው፤ በማግስቱ ሽንቷ ቀልቶ እማዬ ደም መስሏት ጮኸች። ሲስተሮቹ ነግረውን ነበር፣ እሷ ግን በፍርሃት ውስጥ ሆና አልሰማችም። ቀዩን ከመጀመራቸው በፊት የልብ አልትራሳውንድ ያሠራሉ፤ መድኃኒቱ ልብን ሊጎዳ ስለሚችል ነው። ከየዙሩ በፊት ደግሞ የደም ምርመራ አለ፤ ነጭ የደም ሴሏ ካነሰ ይራዘማል። ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ምክሬ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ደሙን ከዋዜማው በአካባቢያችሁ አሠርታችሁ ውጤቱን በስልክ ንገሩ። ከጎባ መጥቶ «ደምሽ አንሷል፣ በሳምንቱ ተመለሽ» የተባለ ሰው ፊት አይቻለሁ።

በሦስተኛው ዙር በአሥረኛው ቀን እማዬ ማታ ብርድ ብርድ አላት። ሻይ በዝንጅብል አፍልቼ ሰጠኋት፣ ጋቢ ደረብኩላት። ቴርሞሜትሩን የገዛሁት ሲስተር ስለጨቀጨቀችኝ ነበር፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስለካት 38.6። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ሙቀቱ 38 ከሞላ «ይንጋና እናያለን» አይባልም። ነጭ የደም ሴሉ በወረደበት ሰዓት የገባ ኢንፌክሽን በአንድ ሌሊት ሰው ይጥላል። የሰፈራችንን ባጃጅ ልጅ ቀሰቀስኩት፤ ፒጃማውን እንደለበሰ መጣ፣ ገንዘብም አልተቀበለኝም። ድንገተኛ ክፍል ስንገባ «ኬሞ ላይ ናት» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ተናገሩ፤ ሰልፉ ይከፈትላችኋል። አራት ቀን ተኝታ በመርፌ ዳነች።

ስለ ጸጉሯ ብዙም አላዘነችም፤ ሻሿን ሳታወልቅ አርባ ዓመት ነግዳለች። ያዘነችው የቅመም ሽታ ስላስጠላት ነው። በርበሬ ሲታመስ ከቤት ትወጣ ነበር። በርበሬ ነጋዴ!

ሰኔ ላይ መድኃኒት አለቀ። የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት የማዘዣው ጀርባ ላይ «የለም» ብሎ መታልን። የሰኔን ወር እኔ አውቀዋለሁ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ አዲሱ ሐምሌ 1 ይከፈታል፤ በመሃል ግዥ ይቀዘቅዛል፣ የተለቀቀ ገንዘብ ይሰበሰባል፣ አዲሱ ገና አልወረደም። ለወንበርና ለወረቀት ይህ ክፍተት ምንም አይደለም። በየ21 ቀኑ ለሚሰጥ መድኃኒት ግን አንድ ሙሉ ዙር ነው። ከውጭ ገዛን፤ ወንድሜ ከሞያሌ ላከ፣ እኔ ከመሥሪያ ቤታችን ብድርና ቁጠባ ተበደርኩ። ያ «የለም» የሚለው ማህተም ግን እንደ ወርቅ ነው፣ አትጣሉት። በእኛ ክፍለ ከተማ መድን፣ ያ ማህተም ያለበት ማዘዣና ሕጋዊ ደረሰኝ ከቀረበ ገንዘቡ ተመላሽ ይሆናል። የእናንተ ጋ አሠራሩ እንዴት እንደሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ኬሞ ክፍል ተቀምጠን ሳለ አንድ ወጣት ሐኪም ወረቀት ይዞ መጣ። ጥናት እየሠራ ነው፤ ከእማዬ መዝገብ መረጃ ለመውሰድና ከናሙናዋ ትንሽ ለመጠቀም ፈቃድ ይፈልጋል። እማዬ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ «ሥጋዬን ሊሸጡት ነው እንዴ?» አለችኝ። ልጁ ሰማት። ወንበር ሳበና ፊቷ ተቀመጠ። እንቢ ብትል ሕክምናዋ ቅንጣት እንደማይቀየር፣ ስሟ እንደማይወጣ፣ ጥናቱን የሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዳየው፣ መሃል ላይም ሐሳቧን መቀየር እንደምትችል አንድ በአንድ ነገራት። «ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?» አለችው። «ለእርስዎ ምናልባት ምንም፣ እማማ። ከእርስዎ በኋላ ለሚመጡት ነው።» ይህን እውነት ስለተናገረ ይመስለኛል የፈረመችለት። «ስሜን ብቻ እንዳትጽፍ፤ ገበያተኛ ይሸሸኛል» አለች። በሽታው የሚተላለፍ የሚመስለው ሰው ገበያው ውስጥ ስንት አለ መሰላችሁ።

እኔ ያን ወረቀት ያየሁት በሌላ ዓይን ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት ኢትዮጵያ ውስጥ በዓመቱ ከ77,000 በላይ ሰዎች በካንሰር ተይዘዋል፣ ወደ 52,000 የሚጠጉ ሞተዋል። ግምቱ በአብዛኛው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ ከጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ተነስቶ ነው። ጓሮዋ ሐይቅ የሆነች የሐዋሳ ሴት እዚያ መዝገብ ውስጥ የለችም። በጀት ሲጠየቅ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ሰው ነው?» ነው። ቁጥር ያላመጣ ቢሮ ገንዘብ አያገኝም፤ ይህን የምለው ራሴ ስንቱን ጥያቄ «መረጃ ይጎድለዋል» ብዬ ስለመለስኩ ነው።

ይህን ካነሳሁ አንድ ነገር ልናዘዝ። እማዬ ኬሞዋን ሳትጨርስ እኔም የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ለማድረግ ሄድኩ፤ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላለን ሴቶች ጤና ጣቢያ ላይ የሚሰጥ ነው። የማህፀን በሩን በአሴቲክ አሲድ፣ ማለትም በሆምጣጤው ዓይነት ነገር ይነኩታል፤ ችግር ያለበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከተገኘም በዚያው ማከሚያ አላቸው። ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅም፣ ውጤቱም ያኔውኑ ነው። ተራዬ ሲደርስ ሲስተሯ «አሲዱ አልቋል፣ እስከ ሐምሌ የለም» አለችኝ። ከሁለት ዓመት በፊት «አላቂ የሕክምና ዕቃዎች» ከሚለው አርዕስት ላይ፣ ያለፈው ዓመት በጀት ሳይጠቀሙበት ተርፏል ብዬ የቀነስኩት እኔ ነኝ። ያኛው ጤና ጣቢያ ይሁን ሌላ አላውቅም፤ ለማጣራትም ድፍረቱን አላገኘሁም። በቀጣዩ የበጀት ስሚ፣ ማለትም የበጀት ጥያቄ በሚሰማበት ስብሰባ ላይ፣ የጤናው ባለሙያ ያቺን መስመር ሲያነብ እጄን አውጥቼ «ለምን ነበር የተረፈው?» አልኩት። ሴቶቹ ስለማይመጡ ነው አለ። የሚመጡት ሲመጡ ደግሞ አሲዱ የለም። ሳልቀንስ አሳለፍኩት፤ አለቃዬ ገላመጠኝ። በኋላ ተመርምሬ ነጻ ነኝ። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄም ኅዳር 2017 ላይ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች በዘመቻ በተሰጠው ጊዜ የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባቱን ትምህርት ቤቷ ወሰደች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው። ቅጹን አንዳንድ ወላጆች «ያመክናል» ብለው ሳይፈርሙ ሲመልሱ ልጄ እናቶቻቸውን ስለ አያቷ እየነገረች ስትከራከር ሰማኋት። የአያቷ የጡት መሆኑን ላርማት አሰብኩና ተውኩት።

ቀዶ ሕክምናው ነሐሴ ላይ ሆነ። ስለ እሱ ብዙ አልልም፤ ሐኪሙ እጁ ይባረክ።

የቀረው የጨረር ሕክምና ነው። ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነው፣ ያም ኮባልት-60 በሚባል መሣሪያ። ኮባልቱ ጉልበቱ በየአምስት ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይወርዳል፤ ምንጩ ሲያረጅ አንድ ሰው መሣሪያው ሥር የሚተኛበት ጊዜ ይረዝማል፣ በቀን የሚስተናገደውም ሰው ያንሳል። መንግሥት በኤሌክትሪክ የሚሠሩ አዳዲስ መሣሪያዎች ገዝቶ በክልል ለማዳረስ ሲያቅድ ጅማ፣ ሐረር፣ ሐዋሳና ሌሎችም ዝርዝሩ ውስጥ ገቡ፤ ጅማና ሐረር ሥራ ጀምረዋል። ስለዚህ ሪፈር ሲጻፍላችሁ «አዲስ አበባ ብቻ ነው ወይስ ሌላ ጋ ተራ ይቀርባል?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅሁም። አዲስ አበባ አምስት ወር ጠበቅን።

እማዬ የታዘዘላት 15 ቀን ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ሲወጣ ሦስት ሳምንት። በየቀኑ መሣሪያው ሥር የምትተኛው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሐዋሳ ግን 275 ኪሎ ሜትር ይርቃልና ተመላልሶ አይሆንም። መድኑ ሕክምናውን እንጂ ማደሪያውንና ምግቡን አይችልም። ብዙ ታማሚ ሕክምናውን የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘመድ ጋ አረፍን። ዘመድ የሌለው፣ ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ቤተሰቦች ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ አለውና ይጠይቅ፤ ቦታ መኖሩን ግን ከመነሳቱ በፊት። ልብስ በተመለከተ፣ ከፊት የሚከፈት የጥጥ ሸሚዝ ውሰዱ። የተነካውን ቆዳ ቅቤም ሆነ ቅባት አታስነኩት፤ ሐኪሙ ካላዘዘ በቀር። እማዬ ቅቤ ደብቃ ይዛ ሄዳ ነበር፣ አክስቴ ቀማቻት።

ሁለተኛው ናሙና ካንሰሩ ሆርሞን የሚቀበል መሆኑን አሳይቷል። አሁን ታሞክሲፈን 20 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ ቢያንስ አምስት ዓመት። ክኒኑን ከበርበሬ ሚዛኗ ሥር ነው የምታስቀምጠው፤ ጠዋት ሚዛኑን ስታነሳ ታየዋለች። ከሁለት ወር በላይ አንድ ላይ አይሰጧትም፣ ስለዚህ ሳያልቅ ሳምንት ሲቀር እሄዳለሁ።

የሰኔው ተመላሽ ገንዘብ እስካሁን አልተከፈለም። ደረሰኞቹን ያስገባሁት ሐምሌ 9 ነው፤ የተገዙት ግን በአሮጌው የበጀት ዓመት። ሰኔ 30 ከማለፉ በፊት መግባት እንደነበረባቸው አላውቅም ማለት አልችልም፤ ያን ሳምንት የመሥሪያ ቤታችንን ሂሳብ እየዘጋሁ ነበር። ሰኞ ለአራተኛ ጊዜ እሄዳለሁ፣ አዲስ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፌያለሁ። እማዬ ትናንት ማታ መነጽሯን አድርጋ ማህተሙን ብርሃን ላይ አየችውና «ይነበባል» አለችኝ።

«ኮፒ አድርገሽዋል?»

«ሦስት።»

«አራት አድርጊው።»